በጎንደር መንገድ ለሚነዳ ፈጣን ትንሽ መኪና ጎማ እንዴት ይመረጣል

እንደ ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት፣ እንደ ቶዮታ ቪትዝ አር ኤስ ወይም እንደ ቮልስዋገን ጎልፍ ጂ ቲ አይ ያሉ፣ አካላቸው ትንሽ ሆኖ ሞተራቸውና ፍሬናቸው ከመደበኛው ሞዴል የጠነከረ መኪኖች ከፋብሪካ ይዘውት የሚወጡት ጎማ የተመረጠው ለጃፓንና ለአውሮፓ አስፋልት ነው። ያ ጎማ አልቆ ቅያሪ ሲፈለግ ባለመኪናው ከየአቅጣጫው ምክር ይጎርፍለታል፤ አንዱ በር ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳታዛንፍ ግዛ ይለዋል፣ ሌላው ሰፊና ጎኑ አጭር ጎማ ካላደረግህበት መኪናው አያምርም ይለዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከቸርኬው ጋር እስከገጠመ ድረስ ጎማ ያው ጎማ ነው ብሎ ይገላገለዋል። ጎንደር ላይ ለሚነዳ ሰው የሚበጀው ከሦስቱም የተለየ ነው፤ ይኸውም ቸርኬውን በአንድ ኢንች አሳንሶ የጎማውን ጎን ከፍ ማድረግ፣ ጎማውንም በስፋቱና በፍጥነት ደረጃው ሳይሆን እርጥብ መንገድ ላይ መኪናውን በማቆም ችሎታው መምረጥ ነው።

ምክንያቱ ከከፍታው ይጀምራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተርም እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000ዎቹ አጋማሽ የወጣው ባለ 1.6 ሊትር ስዊፍት ስፖርት በወረቀት ላይ 125 የፈረስ ጉልበት ቢኖረውም ወደ ጎሃ ኮረብታ ሽቅብ ሲወጣ የሚሰጠው 100 ገደማ ብቻ ነው። ከፍታው የመኪናውን ክብደት ግን አይቀንስም፣ ቁልቁለቱን ሲወርድም አያግዘውም። ስለዚህ እዚህ አገር ጎማ የሚፈተነው መኪናው ሲነሳ ሳይሆን ሲቆም ነው፤ ባጃጅ ሳያመለክት ተሳፋሪ ሊጭን ሲቆም፣ አህያ ከነጭነቷ መንገድ ስታቋርጥ፣ ወይም የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ወራት የተጠራቀመውን አቧራና ዘይት አስፋልቱ ላይ እንደ ሳሙና ሲያሟሟው።

መንገዱም አንድ ዓይነት አይደለም። ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወርደው አስፋልት ለእነዚህ መኪኖች የተመቸ ነው፤ ወደ ሰፈር ሲታጠፉ ግን ኮብልስቶን ይጀምራል፣ ኮብልስቶኑ ባለቀበት ደግሞ ኮረኮንች ይቀጥላል። ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሰው ብርድና ጭጋግ ያጋጥመዋል፣ ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን የሚወርድ ደግሞ ጠመዝማዛ ላይ ጠመዝማዛ ይቆጥራል። በአይከል በኩል ወደ መተማ የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ስለሚገባ የጎማው ጎማነት በሙቀት ይፈተናል። ለአንዱ ብቻ የሚሆን ጎማ መግዛት ለሌላው ዕዳ ማስቀመጥ ስለሆነ ምርጫው ሁሉንም ያማከለ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ። የአሽከርካሪውን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት የፋብሪካውን የጎማ መጠንና የነፋስ ልክ ይናገራል፤ ለተጠቀሰው ስዊፍት ስፖርት መጠኑ 195/50 አር 16 ሲሆን ከኋላው 84 ቪ ይከተላል። 195 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ 50 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ያሳያል፣ ይህም የ195 ግማሽ 97.5 ሚሊሜትር ማለት ነው። አር ጎማው ራዲያል (ክሮቹ ከአንዱ ከንፈር ወደ ሌላው ቀጥ ብለው የሚሄዱ) መሆኑን፣ 16 የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች፣ 84 አንዱ ጎማ 500 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል፣ ቪ ደግሞ በሰዓት እስከ 240 ኪሎ ሜትር እንደተፈቀደለት ይገልጻሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ጎንደር ላይ ከፍ ያለ ትኩረት የሚሻው 97.5 የሚለው ነው፤ በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ያለው መከላከያ እሱ ብቻ ነውና። መኪናው የጉድጓድ ጠርዝ ወይም ተነቅሎ የቆመ የኮብልስቶን ድንጋይ በፍጥነት ሲመታ ጎማው በድንጋዩና በቸርኬው ከንፈር መካከል ይጨፈለቃል፤ ያን ጊዜ በጎኑ ውስጥ ያሉት የፖሊስተር ክሮች ይበጠሳሉ። ብዙውን ጊዜ ወዲያው የሚታይ ነገር የለም። ከቀናት በኋላ ግን ጎማው ጎኑ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ያወጣል፤ እብጠቱ የሚነግረን ነፋሱን የያዘው ላስቲኩ ብቻ መሆኑን ነው። እንዲህ ያለ ጎማ አይለጠፍም፣ አይጠገንም፣ ወደ ኋላ ተዛውሮም አያገለግልም፤ ይጣላል።

መፍትሔው የጎማውን ጠቅላላ ዲያሜትር ሳይለውጡ የብረቱን ድርሻ ቀንሶ የላስቲኩን ማብዛት ነው። የፋብሪካው 195/50 አር 16 ጠቅላላ ዲያሜትር 601 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ላይ 185/60 አር 15 ቢገጠም ዲያሜትሩ 603 ይሆናል፣ ማለትም የፍጥነት ቆጣሪው ንባብ የሚዛባው ለዓይን በማይታይ መጠን ነው፤ የጎኑ ቁመት ግን ወደ 111 ሚሊሜትር ያድጋል። የመሸከም አቅሙም አብዛኛውን ጊዜ ያው 84 ነው። ከሁሉ በላይ ይህ መጠን የብዙ ቶዮታ ያሪስ መጠን ስለሆነ ጎማ ሻጭ ቤት ሲጠየቅ “እናስመጣልዎታለን” የሚል መልስ አያስከትልም። ሁለተኛው አማራጭ 195/55 አር 15 ነው፤ ጎኑ 107 ሚሊሜትር፣ ዲያሜትሩ ከፋብሪካው በ1 በመቶ ያነሰ ሲሆን ስፖርታዊ ባሕርይ ያላቸው ጎማዎች በዚህ መጠን በብዛት ይሠራሉ፣ ነገር ግን ከአዲስ አበባ ማዘዝን ሊጠይቅ ይችላል። ሦስተኛው 195/60 አር 15 ጎኑ 117 ሚሊሜትር ስለሆነ ለኮረኮንች ያስደስታል፤ ሆኖም ዲያሜትሩ በ2.3 በመቶ ስለሚበልጥ ቆጣሪው ከበፊቱ ዝቅ አድርጎ ያነባል፣ መሪው እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝም ጎማው ከውስጠኛው ላሜራ ጋር ሊታከክ ይችላል። የጸሐፊው ምርጫ የሚገኝ ከሆነ 195/55፣ ካልተገኘ ያለ ምንም ቅሬታ 185/60 ነው። 10 ሚሊሜትር ስፋት ማጣት አንድ ቶን ገደማ ለሚመዝን መኪና የሚያስቆጭ አይደለም፤ ውሃ በተኛበት አስፋልት ላይ እንዲያውም ጠባቡ ጎማ ውሃውን ሰንጥቆ መንገዱን ለመያዝ ይቀለዋል።

ለጎልፍ ጂ ቲ አይ አምስተኛ ትውልድ ስሌቱ ሌላ ነው። የእሱ የፊት ፍሬን ዲስክ 312 ሚሊሜትር ስለሆነ 15 ኢንች ቸርኬ አይታሰብም፤ ነገር ግን ከ225/45 አር 17 ወደ 205/55 አር 16 መውረድ ዲያሜትሩን ከግማሽ በመቶ ባነሰ ብቻ ይለውጠዋል፣ ይህ መጠን ደግሞ በየትኛውም ከተማ የሚገኝ ነው።

ቸርኬ መቀየር የራሱ ወጥመድ አለው። የመደበኛው ስዊፍት ቸርኬ ባለ አራት ቀዳዳ ሲሆን የዚያ ዘመን ስፖርት ግን ባለ አምስት ቀዳዳ ነው፣ ቀዳዳዎቹን የሚያገናኘው ክብ ዲያሜትርም 114.3 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ “የስዊፍት ነው” ተብሎ የሚቀርብ ቸርኬ ሁሉ አይገጥምም። በቪትዝ አር ኤስ በኩል ነገሩ ቀለል ይላል፣ ባለ አራት ቀዳዳ ስለሆነ ከመደበኛው ቪትዝ ጋር ይዛመዳል። ዳዶውም ያሳስታል፤ የሱዙኪና የቶዮታ ዳዶ ሁለቱም 12 ሚሊሜትር ቢሆኑም የሱዙኪው ጥርስ ርቀት 1.25 ሚሊሜትር፣ የቶዮታው 1.5 ስለሆነ አንዱን በሌላው ላይ በጉልበት ማጥበቅ የብሎኑን ጥርስ ያበላሻል። ቸርኬውን ከመግዛትዎ በፊት ያለ ጎማ ብቻውን ፊት ላይ አስገጥመው በእጅ ያሽከርክሩት፤ በቸርኬው ውስጠኛ ግድግዳና በፍሬኑ ካሊፐር (ዲስኩን ጨምቆ በሚይዘው ክፍል) መካከል፣ እንዲሁም በቸርኬው ክንዶችና በካሊፐሩ ፊት መካከል ቢያንስ የ3 ሚሊሜትር ክፍተት መታየት አለበት። ሻጩ ይህን ለማድረግ ካልፈቀደ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ። የፋብሪካውን 16 ኢንች ቸርኬ ግን አይሽጡት፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንዳይገባ ስለተከለከለ የእነዚህ መኪኖች ትክክለኛ ዕቃ ከዓመት ወደ ዓመት እየተወደደ መሄዱ አይቀርም።

መጠኑ ከተወሰነ በኋላ የጎማው ዓይነት ይመጣል፤ ብዙ ሰው ስም ብቻ ጠይቆ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ሚሽሊን፣ ብሪጅስቶን፣ ዮኮሃማ፣ ሃንኩክ ወይም ሊንግሎንግ የሚለው ስም ብቻውን ብዙ አይናገርም፣ እያንዳንዱ ፋብሪካ ለውድድር የቀረበ ለስላሳ ጎማም፣ ለታክሲ የሚሆን ደረቅ ጎማም ይሠራልና። የሚናገረው ጎኑ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ነው። ትሬድዌር ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው ቁጥር የጎማውን ዕድሜ በንጽጽር ያሳያል፤ 200 አካባቢ ያለው ለስላሳና መንገድ የሚይዝ፣ ግን ቶሎ የሚያልቅ ነው፣ በኮረኮንች ላይም ሹል ጠጠር እየነከሰው ይተለተላል። 500ና ከዚያ በላይ ያለው ዕድሜው ረጅም ነው፣ ሆኖም ለፈጣን መኪና መሪው ላይ የሚሰጠው ስሜት ደንዘዝ ያለ ይሆናል። ከ300 እስከ 400 ባለው መካከል የሚገኘው ለጎንደር ይስማማል። ቁጥሩን እያንዳንዱ አምራች በራሱ ፈተና ስለሚሰጠው የአንዱን ፋብሪካ 340 ከሌላው 360 ጋር እንደ ሚዛን ማመሳከር ግን አይገባም።

ትራክሽን ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው ፊደል እርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ምን ያህል እንደሚይዝ ያመለክታል፤ ከፍተኛው ድርብ ኤ፣ ቀጥሎ ኤ፣ ከዚያ ቢና ሲ ነው። ለዚህ ዓይነት መኪና ከኤ በታች የሆነውን ቢረክስም መተው ይሻላል። ቴምፕሬቸር የሚለው ፊደል ሙቀትን የመቋቋም ደረጃ ስለሆነ ወደ መተማ የሚመላለስ ሰው ኤ የሆነውን ይምረጥ። ከአውሮፓ ገበያ የመጣ ጎማ ደግሞ ባለ ቀለም ወረቀት ተለጥፎበት ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ወረቀት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ተጀምሮ በ2021 የታደሰ ሲሆን፣ የዝናብ ምልክት ያለበት ረድፍ ከኤ እስከ ኢ ድረስ በእርጥብ መንገድ ላይ የመያዝ ደረጃውን ይናገራል። ኤ ወይም ቢ ካዩ ስለ ዋጋ መደራደር ይጀምሩ።

የፍጥነት ፊደሉን በተመለከተ የሚነሳው ክርክር ከሚገባው በላይ ነው። ስዊፍት ስፖርት የሚደርስበት ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ እስከ 210 የተፈቀደለት ኤች በቂ ነው፤ እስከ 190 ብቻ የሚፈቅደው ቲ ግን ከመኪናው አቅም በታች ስለሆነ አይወሰድም። ቪ በተመሳሳይ ዋጋ ከተገኘ ይወሰድ፣ ለደብልዩ ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ግን ጎንደር ላይ ትርጉም የለውም።

አብዛኛው ገዢ የማያነበው አንድ መስመር ደግሞ አለ። ከጎማው ከንፈር አጠገብ፣ በጣም በትንንሽ ፊደል፣ ጎማው ከስንት ንብርብር እንደተሠራ ተጽፏል፤ ሳይድዎል ከሚለው ቃል በኋላ 1 ፖሊስተር ወይም 2 ፖሊስተር የሚል ያገኛሉ። ሁለት ንብርብር ያለው ጎን የድንጋይ ምትን በተሻለ ይችላል። ጎማውን ወደ ፀሐይ አዘንብለው፣ አቧራውን በአውራ ጣትዎ ጠርገው ያንብቡት፤ ሁለት ጎማ በዋጋም በደረጃም እኩል ከሆኑ ይህ መስመር ይለያቸው።

የጥርሱ ቅርጽም ከመንገዱ ጋር ይታሰባል። አቅጣጫ ያለው፣ ቀስት የተሳለበት ጎማ ውሃን በጥሩ ሁኔታ ይበትናል፤ ነገር ግን በግራ የተበላሸውን በቀኝ ተጠባባቂ ለመተካት ስለማይመች ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው አይመከርም። ውስጡና ውጭው የተለያየ ጥርስ ያለው፣ “አውትሳይድ” የሚል ጽሑፍ የተቀረጸበት ጎማ በየትኛውም ጎን ስለሚገጠም የተሻለ ነው። ጽሑፉ ወደ ውጭ መታየት አለበት፤ ከገጠሙ በኋላ መኪናውን አንድ ጊዜ መዞርና አራቱንም ማየት ደቂቃ አይፈጅም።

የምርት ጊዜን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። ዶት ከሚለው ምልክት በኋላ ከሚመጣው ተከታታይ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አኃዞች አሉ፤ 3523 የሚል ከሆነ በአውሮፓ አቆጣጠር የ2023 35ኛ ሳምንት ማለት ነው፣ በእኛ ደግሞ የ2015 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ነው። ሻጭ “የ15 ነው” ቢልዎት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጠይቁ፤ በአውሮፓው 15 ከሆነ ጎማው ጥርሱ ያልተነካ ቢሆንም ላስቲኩ አርጅቷል። ከፍታ ባለበት አገር ፀሐይዋ ብርቱ ስለሆነች ሱቅ ደጃፍ ላይ ለማስታወቂያ ተደርድረው የከረሙ ጎማዎች ከዕድሜያቸው ቀድመው ይደርቃሉ። ጎኑን በጣትዎ አጠፍ አድርገው ሲያዩት ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ከታዩ፣ ከጓዳ ያልወጣ ጎማ እንዲመጣልዎት ይጠይቁ።

ያገለገለ ጎማን በተመለከተ ምክሩ አጭር ነው፤ ለዚህ ዓይነት መኪና አይግዙ። ያለቀን ጥርስ በቢላ ፈልፍሎ እንደ አዲስ የማስመሰል ሥራ አለ፣ ያን የመሰለ ጎማ ከብረት ክሩ በላይ የቀረው ላስቲክ ጥቂት ነው። የግድ ከሆነ ግን ጎማው ከቸርኬ ወርዶ ውስጡ ይታይ፤ ጎኑን ተከትሎ የሚዞር የተፋቀ ጥቁር መስመር ወይም የላስቲክ ዱቄት ካለ ጎማው ነፋስ አጥቶ ተነድቶበታል ማለት ነው።

አራቱን በአንድ ጊዜ መቀየር የሚመረጥ ነው። አቅም ካልፈቀደ ሁለቱ ይገዙና ወደ ኋላ ይገጠሙ። ይህ አባባል “የፊቱ ነው የሚጎትተው፣ የፊቱ ነው መሪ የሚይዘው” ከሚል ተቃውሞ አያመልጥም፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ፊቱ ሲንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፣ አሽከርካሪውም እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ ይመለሳል። በሊማሊሞ ዓይነት እርጥብ ጠመዝማዛ ላይ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ ኋላው ቢንሸራተት ግን መኪናው ዞሮ ፊቱን ወደ ገደሉ ሊያደርግ ይችላል፣ እነዚህ በፊትና በኋላ ጎማቸው መካከል ያለው ርቀት አጭር የሆነ ቀላል መኪኖች ደግሞ ሲዞሩ ፈጣን ናቸው። ለጊዜው ከሚገጠም ተጠባባቂ በስተቀር በአንድ አክስል ላይ (በግራና በቀኝ) ሁለት የተለያየ ጎማ መግጠም አይደረግ።

ጎሚስታውን እንደ ጎማው በጥንቃቄ ይምረጡ። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ በብረት ዘንግ እየተፈለቀቀ ሲወጣና ሲገባ ከንፈሩ ይቀደዳል፣ ቸርኬውም ይፋቃል፤ ስለዚህ ማሽንና ባላንስ ያለው ቤት ይሂዱ። የላስቲኩ ቫልቭ ከጎማው ጋር አብሮ ይቀየር። ቸርኬው ጠሞ ነፋስ ቢያሳልፍ ከመነዳሪ ከተን እናስተካክለዋለን የሚል ሐሳብ ከቀረበ አይቀበሉ፤ ቱብለስ (ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ) ጎማ ውስጥ የገባ ከመነዳሪ በፍጥነት ጉዞ ላይ እየተፋተገ ይግላል፣ ሲፈነዳም ነፋሱን በአንድ ጊዜ ይለቃል። ዳዶዎቹ በኮከብ ቅደም ተከተል ይጠበቁ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም እንደገና ይታዩ። አላይመንትም (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ) ከዚሁ ጋር ይሠራ፤ የአሮጌው ጎማ ውስጠኛ ጠርዝ ከውጨኛው ቀድሞ ካለቀ ያ ሳይስተካከል አዲስ ጎማ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። አዲሱ ጎማ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ስለሚኖር ለመጀመሪያዎቹ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ ላይ አይፈትኑት።

ነፋሱ በጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ፣ በር ላይ በተጻፈው ልክ ይሞላ። ኮብልስቶን ስለሚነጥር ብሎ ነፋስ መቀነስ የተለመደ ነው፣ ግን የቸርኬውን ከንፈር ለድንጋይ የሚያጋልጠው ይኸው ልማድ ነው። ጎንደር ላይ 33 ፒ ኤስ አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ተሞልቶ ወደ መተማ የወረደ ጎማ በከፍታው ልዩነት ብቻ 2 ያህል ዝቅ ብሎ መነበብ ነበረበት፤ ነገር ግን ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው 1 ተኩል ያህል ስለሚጨምር ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከተሞላው ይበልጣል። የጋለ ጎማ ከፍ ብሎ ስለተነበበ ነፋስ አያስወጡለት፣ ማታ ሲበርድ ከልኩ በታች ይወርዳልና፤ እዚያ የሚያድሩ ከሆነ በማግስቱ ጠዋት ይለኩት።

ተጠባባቂው ጎማ ብዙ ጊዜ ይረሳል። 185/60 ወይም 195/55 የመረጠ ሰው የፋብሪካውን ጎማ በተጠባባቂነት ቢይዝ የዲያሜትሩ ልዩነት ትንሽ ስለሆነ በየትኛውም ቦታ ሊጠቀምበት ይችላል፤ 195/60 የመረጠ ግን ልዩነቱ ወደ 14 ሚሊሜትር ስለሚደርስ በሚጎትተው የፊት አክስል ላይ ባያደርገው ይሻላል፤ የፊቱ ከፈነዳ የኋላውን ወደ ፊት አምጥቶ ተጠባባቂውን ከኋላ ይግጠም። የአሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ ከብረት ቸርኬ ዳዶ በመቀመጫው ቅርጽ ሊለይ ስለሚችል ለተጠባባቂው የሚሆነው ዳዶ ከክሪኩ ጋር በአንድ ከረጢት ይቀመጥ፣ ነፋሱም ከሌሎቹ አራቱ ጋር አብሮ ይለካ።